ሀሚዳ አደራ ያለችኝ ክሬም

ሰው ስለ ሀሚዳ ሲያወራ ስሰማ ደሜ ይፈላል። «ያቺ ፊቷ የተበላሸው» ይላሉ። አብነት ሰፈር ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኔ ስፌት ቤት ጎን ኮስሞቲክስ ስትሸጥ የኖረች ልጅ ሌላ መጠሪያ የጠፋላት ይመስል። እኔ ሸዋዓለም ልንገራችሁ፤ ከኔ በላይ የሚያውቃት የለም። ከኔ በላይ የበደላትም የለም።

አባቷ ከወሎ መጥተው እዚሁ ሰፈር ነው የወለዷት። ብጉር የጀመራት በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። ተራ ብጉር እንዳይመስላችሁ፤ ግንባሯን ጨርሶ ጉንጯ ላይ የወረደ፣ መግል የሚቋጥር። የክፍሏ ልጆች «ሽሮ ፈላ» ይሏታል። እናቷ ሎሚ ቢቀቧት፣ በልብስ ሳሙና ቢያሹላት ጭራሽ ባሰባት። ሻሿን እስከ ዓይኗ ስባ የኋላ ወንበር ላይ ነው የተማረችው።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት አንዲት ጎረቤት የቱቦ ክሬም ሰጠቻት። በሳምንቱ ፊቷ ጠራ። ይህን ስትነግረኝ ሁሌ ትስቅ ነበር። «እትዬ ሸዋዓለም፣ ወላሂ የዛን ቀን ሰው ሁሉ እንዲያየኝ ብዬ መንገዱን በዝግታ ነው የሄድኩት» ትለኛለች።

ባለሱቁ ሱፍያን ያንን ፊት አይቶ ቀጠራት። ደንበኛ ሲመጣ «እሷ የምትቀባውን ነው የምሰጣችሁ» ይላል፤ ውሸቱን አይደለም። ከሱቁ ኋላ ተቀምጣ የሁለት ሦስት ዓይነት ቱቦ ክሬም ከሎሽን ጋር በማንኪያ እያማሰለች ቢጫ ክዳን ባለው ዕቃ ትሞላለች። ትሸጣለች፣ ራሷም ትቀባለች።

ለልብስ ልኬት የማቆመው ትልቅ መስታወት አለኝ። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈቷ በፊት እሱ ፊት ትቆማለች። መጀመሪያ ለመደሰት ነበር፤ በኋላ በኋላ ግን ለመመርመር ሆነ። ቆዳዋ ሳሳ። ጉንጯ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች ወጡ፣ ፀሐይ ሲነካት ይለበልባታል፣ አገጯ ፀጉር አበቀለ። አንድ ቀን ሳትቀባ ከዋለች ደግሞ ብጉሩ ዘመድ አዝማዱን ይዞ ይመጣል።

ባለፈው ዓመት ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ እጇን ይዤ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ዶክተሯ ይዘነው የሄድነውን ዕቃ ክዳን ከፍታ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«ይሄ ለሌላ የቆዳ በሽታ ለጥቂት ቀን የሚታዘዝ ጠንካራ መድኃኒት ነው፤ አንቺ አሥራ ሁለት ዓመት ተቀብተሽዋል» አለቻት። «ታቆሚያለሽ። ስታቆሚ ሦስት አራት ወር ከበፊቱ የባሰ ይሆናል። ከታገሥሽው ይድናል። ካልታገሥሽው ግን ቆዳሽ እንደማይመለስ እወቂ።»

የቀን ተቀኑን ሥርዓትም ነገረቻት። ጠዋትና ማታ ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና መታጠብ፤ በፎጣ አለመፈተግ፣ እየነኩ ማድረቅ። ብጉሩን አለማፍረጥ። የትራስ ልብሱንና ሻሹን ቶሎ ቶሎ ማጠብ። ቀን የፀሐይ መከላከያ፣ ማታ የታዘዘላትን ጄል የምስር ፍሬ ታህል ብቻ።

የዛኑ ዕለት ሀሚዳ ባለቢጫ ክዳኑን ዕቃ ይዛ መጣች። አዲስ የሞላችው ትልቁን ነው።

«መጣል አልሆነልኝም» አለች። «እርስዎ ጋ ይቀመጥ። አደራ እትዬ፣ ብለምንዎትም፣ ባለቅስብዎትም እንዳይሰጡኝ።»

ከስፌት መኪናዬ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ የማጠራቅምበት ካርቶን አለ፤ እሱ ውስጥ ደበቅኩት።

በአሥረኛው ቀን ፊቷ አብጦ፣ ቀልቶ፣ መግል ቋጥሮ ለማየት የሚከብድ ሆነ። ሱፍያን ሦስት ቀን ታገሠና «ደንበኛ እየሸሸ ነው፣ እስኪሻልሽ እረፊ» አላት። በሳምንቱ ፊቷ የጠራ ሌላ ልጅ ቀጠረ። ሀሚዳ ቤት መዋል ሲያስጠላት እኔ ጋ እየመጣች ቁልፍ ትተክላለች።

የአክስቷ ልጅ ኒካህ ዕለት መሬት ላይ ተንበርክካ እግሬን ያዘች። «ለዛሬ ብቻ፣ በጣት ጫፍ» እያለች አለቀሰች። አልሰጠኋትም። «ሂጂ ፊትሽን ታጠቢ» ብዬ ተቆጣኋት። ኒካሁ ቀረባት። እሷ ከሄደች በኋላ እኔም አለቀስኩ፤ ግን በራሴ ኮራሁ። እንደኔ አደራ የሚጠብቅ የት አለ አልኩ።

ይህን ሁሉ ልጄ ደላዊት ታያለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ከትምህርት ቤት መልስ እኔ ጋ ነው የምታጠናው። እሷም ግንባሯ ላይ ብጉር ነበራት። ሀሚዳ «እኔ የተቀጣሁበትን አንቺ በነፃ ተማሪ» ብላ የዶክተሯን ሥርዓት አንድ በአንድ አስጠናቻት። ወር ሳይሞላ የልጄ ፊት ጠራ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

«አየሽ ሀሚዳ፣ ትምህርትሽ ሠራ» እላታለሁ።

«ፈጠነ» ትላለች፣ ልጅቷን እያየች።

የኔ ልጅ በሁሉም ነገር ፈጣን ናት እላለሁ። እኔ ቂል።

ግንቦት ሲጋመስ የሀሚዳ ፊት ረጋ። ጠባሳው አለ፤ ማቃጠሉ ግን ቆሟል፣ አዲስ የሚወጣም የለም። አንድ ቀን ከሰዓት መስታወቱ ፊት ብዙ ቆየች።

«እትዬ፣ ያንን ዕቃ ያምጡት። በገዛ እጄ ነው የምጥለው» አለች።

ካርቶኑን ጎትቼ ሰጠኋት። ክዳኑን ከፈተች። ውስጡ በጣት ተጠራርጎ ታቹ ይታያል።

«አንቺ!» አልኳት። «እየሰረቅሽኝ ነበር ለካ? ያ ሁሉ ለቅሶ ለይስሙላ ነው?»

ሀሚዳ ደብተሯ ላይ ወዳቀረቀረችው ደላዊት ሄዳ አገጯን ቀና አደረገችና ወደ በሩ ብርሃን አዞረቻት። ጉንጯ ላይ ክር የመሰሉ ቀያይ ሥሮች አሉ። ስንት ቀን አይቼ ደም ግባት ነው ብዬ ያደነቅኩት እሱን ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለቻት ሀሚዳ።

«ከየካቲት።»

«ዛሬውኑ ታቆሚያለሽ። አብሬሽ ነኝ፣ ቀን በቀን አሳልፍሻለሁ። እኔ አልፌው የለ?»

ደላዊት ወደኔ ዞረች። «እማ፣ ምርቃቱ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። እንደሷ ሆኜ ነው ፎቶ የምነሳው?»

ሀሚዳ እዛው ቆማ ነው የምትሰማው። እኔ፣ እግሬ ላይ ወድቃ ስታለቅስ ያልራራሁላት ሴትዮ፣ የልጄን ፊት አየሁ።

«ከምርቃቱ በኋላ ይሁን» አልኩ።

ሀሚዳ ባዶውን ዕቃ የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠች። ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ደጄን ረግጣ አታውቅም፤ ይቅርታም አልጠየቅኋትም።

የምርቃቱ ፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ያምራል። ከሱፍያን ሱቅ ሁለተኛውን ቢጫ ክዳን የገዛሁት እኔው ነኝ። ምርቃቱ ካለፈ ስድስት ወር ሆነው፤ ደላዊት አሁን ደግሞ «ዩኒቨርሲቲውን እስክለምድ» ትለኛለች። እሺ እላታለሁ።