ደክሞኝ ነው የተቀመጥኩት

የታሰርኩት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አትላንታ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የሠራተኞች መግቢያ በር ላይ ነው። የበረራ አስተናጋጅ ነበርኩ። ሥራ ካቆምን አምስተኛ ሳምንታችን ነበር። አየር መንገዱ የበረራ ሰዓታችንን ጨምሮ እረፍታችንን ቆረጠው፤ ከአንድ ከተማ ገብተን ሻንጣችንን ሳንፈታ ወደ ሌላው እንወጣ ነበር። የሠራተኛ ማኅበራችን ለወራት ተደራደረ፣ አልሆነም። ሥራውን ትተን ወጣን።

ኩባንያው በምትካችን አዳዲስ ልጆች ቀጠረ። እነሱን የሚያመጣው ቫን በየጠዋቱ በዚያ በር ይገባል። እኛም በየጠዋቱ ዩኒፎርማችንን ለብሰን፣ ጽሑፍ ይዘን በሩ ፊት እንዞራለን። ፖሊሶቹ እየተንቀሳቀሳችሁ ከሆነ አንነካችሁም፣ መንገድ ግን እንዳትዘጉ ብለውናል።

ነሐሴ ነበር። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ከአስፋልቱ ይነሣል። ፍልሰታን እጾም ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ ዶራቪል በሚባል ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ሰሃን አጥባለሁ። ስንዞር፣ ስንዞር እግሬ ከዳኝና መንገዱ ላይ ቁጭ አልኩ። ትንሽ አርፌ ልነሣ ነበር። ከኋላዬ የነበረችው ልጅ አየችኝና ተቀመጠች። ከዚያ ሌላዋ። የማኅበራችን ተጠሪ፣ ሃያ ዓመት የበረረች ትልቅ ሴት፣ «ተነሡ! ተነሡ!» እያለች መጣች። የሚሰማት ስታጣ ጫማዋን አወለቀችና እሷም ከጎኔ ተቀመጠች። ቫኑ ሲደርስ አሥራ አንድ ሴቶች መንገድ ዘግተን ተቀምጠናል።

ፖሊሶቹ እስር ቤት ወስደው በሦስት ክፍል ከፋፈሉን። እኔ ከተጠሪዋና ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ሆንኩ። ክፍሉ የብሎኬት ነው፤ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፣ በረኪና ይሸታል። ውጭው እንደዚያ እየነደደ ውስጡ በኤሲ ይበርዳል። ሻርፓችንን፣ የፀጉር መርፌያችንን፣ ስቶኪንጋችንን ሳይቀር ወስደውብናል። ባዶ እግራችንን አግዳሚው ላይ ሰብስበን ተቀመጥን።

እኔ ስታሰር ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው አዲስ አበባ፣ ቀበሌ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ይህኛው ንጹሕ ነው፤ ከወዲያኛው ክፍል የሚጮህ ሰው የለም። በሩ ሲዘጋ ግን ድምፁ ያው ነው።

ምሳ ብለው በነጭ ዳቦ መሐል ቀዝቃዛ ሥጋ አመጡልን። ሥጋውን አውጥቼ ለተጠሪዋ ሰጠኋት።

«ልትቀጥኚ ነው?» አለችኝ።

«ጾም ነው።»

«እዚህም?»

«እዚህም።»

ሳቀች። ሥጋውን ግን በላችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጠባቂዋ ጠራችኝ። በአንዲት ጠባብ ክፍል የኩባንያው ሰው ክራቫት አስሮ ተቀምጧል። ከጎኑ ጋሼ ነበሩ። ጋሼ ከሱዳን በቤተ ክርስቲያን በኩል ስመጣ የተቀበሉኝ፣ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ስማይርና ባለው አፓርታማቸው ሶፋ ላይ ዓመት ሙሉ ያስተኙኝ ሰው ናቸው። እሳቸውም እዚያው አየር ማረፊያ አውሮፕላን ያጸዳሉ። ከሥራቸው ጠርተው ነው ያመጧቸው፤ የሥራ ልብሳቸውን እንኳ አልቀየሩም።

ሰውየው አንድ ወረቀት አስቀመጠልኝ። መንገዱን የዘጋነው ተጠሪዋ አዝዛን እንደሆነ፣ እኔም ተገድጄ እንደተቀመጥኩና ከማኅበሩ እንደወጣሁ ይላል። ከፈረምኩ ክሱ ይቀራል፣ ሰኞ ሥራ እገባለሁ።

«ማንም አላዘዘኝም» አልኩት። «ደክሞኝ ነው የተቀመጥኩት።»

 ብዕሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ጋሼ በአማርኛ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ሳይን አድርጊና እንሂድ።»

«ውሸት ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«ውሸት መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ግሪን ካርድሽ ገና አልመጣም። ቻርጅ ካለብሽ ኢሚግሬሽኖቹ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ? እህትሽስ? ካርቱም ቁጭ ብላ ያንቺን ወረቀት ነው የምትጠብቀው።»

«አውቃለሁ።»

«ሴትዮዋ እንደሆነ አገሯ ነው። ጠበቃ አላት። ምን ትሆናለች?»

«እርስዎ ቢሆኑ ይፈርሙ ነበር?»

እጃቸውን ተመለከቱ። ጥፍራቸው ሥር የሚያጸዱበት ዱቄት ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

«እኔ አራት ልጆች አሉኝ» አሉ። «እኔን አትጠይቂኝ።»

ቀበሌ ሳለሁ አንድ ወረቀት ፈርሜያለሁ። አላነበብኩትም፤ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ስም እንዳለበት ግን አይቻለሁ። በማግስቱ ለቀቁኝ። እሷ የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን ለጋሼ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ያን ቀንም አልነገርኳቸውም። ጀግና ሆኜ አይደለም። ሌላ ስም ደግሞ ይዞ የመኖር ጉልበት አልነበረኝም።

ብዕሩን አነሣሁ። ጋሼ እፎይ ሲሉ ሰማኋቸው። ወረቀቱ ላይ ስሜ ሁለት ፊደል ተሳስቷል። እሱን ሰረዝኩና ከላዩ በትክክል ጻፍኩት። የፊርማውን ቦታ ባዶውን ተውኩት። ከዚያ ወረቀቱን አዙሬ ለሰውየው መለስኩለት።

«ስሜ እንዲህ ነው የሚጻፈው» አልኩት።

 ጋሼ በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙና የሥራ ጃኬታቸውን አውልቀው ለጠባቂዋ ሰጧት፤ «ይበርዳታል» አሏት። ክልክል ነው ብላ መለሰችላቸው። ያን ጃኬት መልሰው ሲለብሱ እጅጌው አልገባ ብሏቸው ሲታገሉ አይቻለሁ።

ክፍላችን ስመለስ ተጠሪዋ «ምን ፈልገው ነው?» አለችኝ።

«ስሜን አሳስተው ጽፈውት ነበር።»

ትንሽ አየችኝና አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ትከሻዋን ተደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግስቱ ጠዋት ማኅበሩ ዋስ ጠርቶ አስወጣን። ከአሥራ አንዳችን ሁለት ልጆች ፈርመው ኖሯል፤ ስለዚህ ተጠሪዋን ከመባረር የእኔ አለመፈረም አላዳናትም። የፈረሙትን ልጆች አልተቀየምኳቸውም። ሥራ ማቆሙም ብዙ ሳይቆይ ያለ ውጤት አበቃ። እኔን መልሰው አልጠሩኝም። ክሴ እስኪዘጋ ወረቀቴ ቆየ፤ የእኔ ሲቆይ የእህቴም ቆየ። ጋሼ ለፋሲካ ቤታቸው እስኪጠሩኝ ድረስ አልተነጋገርንም። ስለዚያ ቀን ግን እስኪሞቱ አላነሡብኝም።

አሁን እዚያው አትላንታ አጠገብ፣ ሊቶኒያ በምትባል ከተማ ነው የምኖረው። ከሆስፒታል ጡረታ ወጥቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወጣቶቹ «የፖለቲካ እስረኛ ነበሩ» እያሉ ያስተዋውቁኛል፤ የቀበሌውን ማለታቸው ነው። የአትላንታውን የሚያውቅ የለም።

እህቴ ሁለት ቤት አልፋ ትኖራለች። ካሰብነው ሁለት ዓመት ዘግይታ ነው የመጣችው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ካርቱም ያየችውን ሁሉ አልነገረችኝም፤ እኔም የዘገየችበትን ምክንያት ደብቄያት ኖርኩ። ባለፈው ዓመት ግሮሰሪ ሄደን ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ ነገርኳት። መሪውን የያዘችው እሷ ነበረች። ሁለት መብራት አለፈች።

«ያኔ ብትጠይቂኝ ፈርሚ ነበር የምልሽ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አሁንም እሱኑ ነው የምልሽ።»

እውነቷን ነው። ትክክል ነበርኩ ብዬ ልከራከራት አልፈለግሁም። ቤቴ በር ላይ ፓርክ አደረገችና ከባዱን ዕቃ እሷ ተሸከመች፤ ቀላሉን ለእኔ ተወችልኝ።