ወደ ዘንገና ስንሄድ የቆምንለት ቀብር

የአባባ መኪና ያላት ሁለት ወንበር ብቻ ነው። ጣሊያን ሠራሽ ቀይ ስፖርት መኪና ናት፤ ጣሪያዋ ሸራ ሲሆን ሸራው መዘጋት ካቆመ ስንት ዘመኑ። ለመንገድ ሥራ መጥቶ ከነበረ ፈረንጅ የገዟት ገና ጎረምሳ እያሉ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ይኼ ሰውዬ ቀድሞ ያገባት እሷን ነው፣ እኔ ቅምጥ ነኝ» እያለች ስትነጫነጭ ኖራለች።

አሁን አባባን የዓይን ግፊት ይዟቸዋል። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ ብሎናል። ባሕር ዳር ያለው ወንድሜ በየሳምንቱ እየደወለ ቁልፉን ተቀበያቸው ይለኛል። ለሱ ምን አለበት፣ እሱ ባሕር ዳር ነው። ዳንግላ ሆኜ በየጠዋቱ የአባባን ፊት የማየው እኔ ነኝ። እንደምንም ደፍሬ ባነሳው ጊዜ አልተቆጡም። የድሮ ስፖርት መኪና ያላቸው ሰዎች በዓመት አንዴ ምግባቸውን ይዘው ዘንገና ሐይቅ ዳር ይገናኛሉ፤ ዘንድሮም ቀኑ ደርሶ ነበርና ለዚያ ቀን ቀጠሩኝ።

«ዘንገና ድረስ አጠገቤ ትቀመጫለሽ። ያለ እንከን ካደረስኩሽ ቁልፉ የኔ ነው። እንከን ካገኘሽብኝ ግን እኔው በእጄ አስረክብሻለሁ። ዳኛዋ አንቺ ነሽ» አሉ።

በዚህ ዓይነት ዳኛ ሆንኩ። ነጠላዬን በራሴ ላይ ጠምጥሜ፣ ጋቢ ደርቤ፣ የጥር ብርድ በተከፈተው ጣሪያ እየገባ ጥርሴን እያንገጫገጨው ከዳንግላ ተነሳን።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ በአዲስ ቅዳም በኩል ማለፍ ማለት በገበያው መሃል ማለፍ ማለት ነው፤ በጉ፣ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ከሰል እስከ ሰማይ የቆለለው አይሱዙ፣ ሁሉም መንገዱን ለኔ ብቻ ነው የሠሩት ባይ ነው። የሚገርመው ግን እኛን ያስቸገረን እሱ አይደለም። መንገዱን የዘጋነው ራሳችን ነን።

አባባ ፈረስ ላይ ያደጉ ሰው ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ወይም ትልቅ ሰው ሲያገኝ ከፈረሱ የማይወርድ ለሳቸው ባለጌ ነው፤ መኪናዋም ፈረስ ናት። ስለዚህ ደብር በታየ ቁጥር ፍሬን ይዘው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ አማትበው ይነሳሉ። ዱላ የያዘ ሽማግሌ ካገኙማ ወርደው ስለ ጤናው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቃሉ። ዞር ብዬ ባይ ሰልፉ መጨረሻው አይታይም። ከኋላችን የባሕር ዳርና የዳንግላ ስፖርት መኪኖች፣ ከነሱ ኋላ ሚኒባሶች። አንድም ጥሩምባ የሚነፋ የለም። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳንግላ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረዋልና ግማሹ ሹፌር ተማሪያቸው ነበር። ማን ደፍሮ!

እኔ በበኩሌ እንከን አላገኘሁም። ቀስ ማለት እንከን አይደለም አልኩ ለራሴ፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

ከአዲስ ቅዳም ወጣ እንዳልን አባባ ፍሬናቸውን ረገጡ። «ቀብር ነው» አሉና በሩን ከፍተው ወረዱ።

ቀና ብዬ አየሁ። በመንገዱ ጠርዝ ላይ ነጫጭ የከሰል ማዳበሪያዎች፣ አፋቸው በቅጠል ተወትፎ፣ እንደ ሰው ተደርድረው ቆመዋል። በመሃላቸው ባለቤቱ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። አባባ ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ለከሰሉ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

ዞር ስል ከኋላችን ያሉት ሁሉ መምህራቸውን አይተው ወርደዋል፤ ኮፍያ ያለው ኮፍያውን አውልቋል። ምን ላድርግ? እኔም ወርጄ ነጠላዬን አስተካከልኩና አንገቴን ደፋሁ።

ባለከሰሉ ግራ ገብቶት ተነሳ። አባባ በአዊኛ እግዜር ያጥናችሁ አሉት። ትልቅ ሰው ሲያጽናና ዝም አይባልምና አሜን አለ። ምን አገኛችሁ ብለው ቢጠይቁት፣ በሽታ ገብቶ ጨረሰብን፣ አንድ እንኳ አልተረፈልንም አላቸው። ዲከረንሱን ማለቱ ነው፤ ለከሰል የሚተክሉት ዛፍ በሽታ መትቶት በየማሳው ቆሞ እየደረቀ ነው። አባባ ግን እንባቸው መጣ። ሰውዬውን አቅፈው ሳሙትና ተመለሱ። እንጅባራን እስክናልፍ ድረስ «አንድ ቤተሰብ ሙሉ፣ አንድ ቤተሰብ ሙሉ» እያሉ ነዱ። እኔ በአንድ በኩል ሳቄ ሊያመልጠኝ፣ በሌላ በኩል ሆዴ እየባባ ጋቢዬን ነክሼ ተቀመጥኩ።

ዘንገና ስንደርስ ከእንጅባራ የመጡት ቀድመው ሣሩ ላይ ሸራ ዘርግተው ሲጠብቁን ነበር፤ ምነው ዘገያችሁ አሉ። የኛዎቹ መንገዱ ተዘግቶ ነው ከማለት በቀር የዘጋው ማን እንደሆነ አልተናገሩም። ክትፎው፣ ቆጮው፣ ዳቦው ቀረበ። አባባ ግን እህል አልቀምስም አሉ። ተነስተው ስለዚያ ምስኪን ቤተሰብ ተናገሩ፤ ስንመለስም ሁላችንም በአንድነት ለቅሶ እንድንደርስ ጠየቁ።

ከኋላችን የነበሩት ሁሉ ከሰሉን አይተዋል። ሁሉም እኔን ያየኛል። ከመካከላቸው አረንጓዴ መኪና ያለው አንዱ፣ የድሮ ተማሪያቸው፣ ጉሮሮውን ጠረገና ይገባል ጋሼ፣ እንሄዳለን አለ። ሌሎቹም ይገባል አሉ። አንድ እንኳ ፈገግ ያለ የለም። ይኼን ሁሉ ትልቅ ሰው ከከሰል ጋር ለቅሶ ሊያስቀምጡልኝ ነው! ከዚህ በላይ አልቻልኩም። አባባን ክንዳቸውን ይዤ ወደ ውሃው ጠርዝ ወሰድኳቸው።

«አባባ፣ ከሰል ነው» አልኩ።

ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ሰውዬውስ?»

«ሰውዬውስ ሰው ነው።»

ሳቁ። ሳቃቸው እስከ መሃል ደርሶ ቀረ። ዳኛዋ እኔ ነኝ፣ ፍርዱን ግን አላስጠበቁኝም፤ ከኪሳቸው ቁልፉን አወጡና መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን በእጃቸው አጠፉልኝ። ከዚያ ተመልሰው ከሰው ጋር ተቀመጡና በሉ። ጥሩ አድርገው በሉ።

ስንመለስ የነዳሁት እኔ ነኝ። ፍሬን ከሩቅ ያዥ፣ ማርሹን አታስጩሂው፣ ለጋሪው ጥጉን ልቀቂለት፤ አላስተነፈሱኝም። አዲስ ቅዳም ስንቃረብ ግን፣ ቦታው ስንደርስ ንገሪኝ አሉ፤ ነገርኳቸው።

«ቁሚ» አሉ።

ቆምኩ። ወርደው ኮፍያቸውን አወለቁና እንደ ጠዋቱ ደረታቸው ላይ አደረጉ። ባለከሰሉ አወቃቸውና እሱም ተነሳ።

«ቀብር ነው ማለቴስ ልክ ነበር» አሉኝ ዞር ሳይሉ፣ አንድ እጃቸውን መኪናዋ ላይ እንደጫኑ። «የማን እንደሆነ ነው ያላወቅሁት።»

ከኋላችን የመኪና በር አንድ በአንድ ሲከፈት ሰማሁ። ሁሉም ወርደው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ከወዲያ መጨረሻ አንድ አይሱዙ ጥሩምባውን ለቀቀው፤ ማንም ዘወር ብሎ አላየውም።