ቀዝቃዛ እጅና ትኩስ እንኩሮ

ሰበታ ተወልጄ ሱሉልታ ያገባሁ ሴት ነኝ። የሱሉልታ ብርድ ለጉድ ነው፤ ሜዳው አመዳይ ለብሶ የሚነጋበት ጊዜ ብዙ ነው። ብርዱን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት በእጄ ላይ የተለጠፈብኝን ስም ነው።

ባገባሁ በመጀመሪያው ዓመት የጠመቅኩት ጠላ ሳይፈላ ቀረ። ጌሾውና ብቅሉ በጥንስሱ ውስጥ ደህና ሲንተከተኩ ሰንብተው፣ እንኩሮውን በጨመርኩበት ማግስት ጸጥ አሉ። ጆሮዬን ጋኑ ላይ ለጥፌ ባዳምጥ ትንፍሽ የለም። ሲከፈት አጥሚት የመሰለ ጣፋጭ ነገር ሆኖ ጠበቀን። አማቴ ቀምሰው ተፉት።

“ኢንተላ ኮ፣ እጅሽ ቀዝቃዛ ነው፤ ለጠላ አይሆንም። ከእንግዲህ ጋን እንዳትነኪ” አሉኝ።

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ልጅነቴን ሳይነፍጉ እጄን ነፈጉኝ።

እንኩሮውን ከምጣድ እንደወጣ በትኩሱ ጨምሪ ያሉኝ ግን ራሳቸው ነበሩ። አገሩ ስለሚበርድ ጋኑን ያሙቀው ይላሉ። እሳቸው ብቻቸውን እየቆሉ ጥቂት በጥቂት ሲጨምሩ ጋኑ ይችለው ነበር። እኔ ጉልበታሟ ሙሽራ ሁለት ምጣድ ጥጄ፣ የቆላሁትን ሁሉ እያጨሰ ባንዴ ገለበጥኩት። ይህን ጎረቤቶቹም አይተዋል። ሆኖም አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ እሳቸውን ደፍሮ የተናገረ አልነበረም፤ ሁሉም እጄን አማ።

የማኅበር ተራችን ሲደርስ አማቴ ጠላውን በጎረቤት ሴት ሊያስጠምቁ ተነሱ። ደሜ ፈላ። በገዛ ቤቴ የሌላ ሴት ጠላ ቀድቼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቀዝቃዛ እጅ ስባል ልኖር ነው? ነጠላዬን አንስቼ ሰበታ፣ እናቴ ዘንድ ሄድኩ።

እናቴ አላባበለችኝም። እንኩሮው ትኩስ ነበር ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ነበር አልኳት።

“እርሾ ነፍስ አለው” አለችኝ። “ብርድ ያስተኛዋል፤ የሚገድለው ትኩስ ነው።”

ከራሷ ጋን አተላ ቀድታ በሃይላንድ ሞላችልኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ሃይላንዱ ጭኔ ላይ እያበጠ ሄደ። ክዳኑን ላላ ባደርገው ፉጨቱ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ አስደነገጠው። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ በሕይወት አለ ማለት ነው።

ቤት እንደደረስኩ ሃይላንዱን አማቴ ፊት አስቀመጥኩት። አሁንም አብጧል።

“እማማ፣ ይሄን የማን እጅ ነው የሚያፈላው?” አልኳቸው።

ጋን አትንኪ ስላሉኝ ጋኑን ትቼ ሁለት እንስራ አጠብኩ፣ በወይራ አጠንኩ። ጥንስሱን ለሁለቱም እኩል አድርጌ ከአተላው ጨመርኩባቸው። ለአንደኛው እንኩሮውን በትኩሱ፣ ለሌላኛው ሰፌድ ላይ አስጥቼ ካበረድኩት በኋላ ገለበጥኩ። ሁለቱንም ብርድ ልብስ አልብሼ አንድ ጥግ አቆምኳቸው። አማቴ ከበሩ ላይ ቆመው እያዩኝ ነበር፤ ሆን ብዬ በሩን አልዘጋሁም።

በትኩሱ የተሞላው ሞተ። ሌላው ክዳኑን ገፍትሮ ገነፈለ፤ ብርድ ልብሱ ሁሉ ጌሾ ጌሾ ሸተተ። አማቴ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና ወጡ። ጎረቤቲቱን ግን አልጠሯትም። የማኅበሩን ጠላ እኔ ጠመቅኩ።

በማኅበሩ ቀን አንድ ሽማግሌ ዋንጫቸውን ጨልጠው ይሄን ፈርሶ፣ ጠላውን ማለታቸው ነው፣ ማን ጠመቀው ብለው ጠየቁ። አማቴ ቤታችን ያፈራው ነው አሉ። ሙሽራ ዝም ትላለች፤ ወጉ ነው። እኔ ግን ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩና ሁለቱን እጆቼን ዘርግቼ አሳየኋቸው።

“እኔ ነኝ፣ በእነዚህ” አልኩ።

አማቴ በቁጣ አዩኝ። ለብዙ ቀን አኮረፉኝ፤ እኔም አልለመንኳቸውም።

ለሚቀጥለው በዓል ሲጠነሰስ እንኩሮውን ራሳቸው ቆሉ። ቆልተው ሰፌድ ላይ አሰጡት። ጥቂት ቆመው ካዩት በኋላ ወደ ጓዳ ተጣሩ።

“ኢንተላ ኮ፣ ነይ እስቲ እጅሽን ክተቺበት። በርዷል?”

እጄን እስከ አንጓዬ ከተትኩት። በርዶ ነበር።

“ገና ነው እማማ፣ ይቆዩ” አልኳቸው።

ቆዩ።