በሰው ደጅ የተከልኩት ድንኳን

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የደባርቅ መንገድ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ በጥቅምት ወር ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ የማይጠፋው ያን ዕለት አንዲት ውሸት ብናገር ሁሉም ሰው ደስ ይለው ስለነበር ነው። አልተናገርኩም።

ጎንደር ተወልጄ ያደግኩ ነጋዴ ነኝ። ባሌ ከሞተ ዓመት አልፎት ነበር። ሃይማኖቴ እስልምና ባሏ ለሞተባት ሴት የሚያዝዘውን የአራት ወር ከዐሥር ቀን ዒዳ ከቤቴ ሳልወጣ ጨርሻለሁ። ሰው ግን አልጨረሰልኝም። ብስቅ ወሬ፣ ቀለም ያለው ልብስ ብለብስ ወሬ። እህቴን ነኢማን ይዤ ስሜን ተራሮች እሄዳለሁ፣ ድንኳን ተክዬም አድራለሁ ስል የባሌ ወንድም፣ ሰው ምን ይላል፣ ከሄድሽ ደጄን እንዳትረግጪ አለኝ። ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ የሚያየውን ተራራ እኔ እዚሁ ተወልጄ ሳላየው ልሙት? በማግስቱ ማለዳ የባሌን ፒካፕ አስነስቼ ወጣሁ።

የቱሪስት ድንኳን የለንም። ከሱቃችን ሰፊ ሸራ፣ ገመድና ቋሚ እንጨት ጭነናል። ዳባትን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ክረምቱ የተወው ሐይቅ መሳይ ውኃ ከመንገዱ ዳር አየንና ወደድነው። አጠገቡ አንድ ቤት አለ። በእኔ ዕድሜ የምትሆን የቤቱ እመቤት ባለቤቷ ገበያ እንደሄዱ ነገረችን። ግቢያችሁ ዳር እንደር ብንላት ሳታቅማማ ፈቀደችልንና ጀሪካኗን ይዛ ወደ ምንጭ ወረደች።

ሸራውን ወጥረን ጨረስን። ብርዱ አይጣል ነው። ጋቢያችንን እስከ ዓይናችን ተከናንበን፣ ጉልበታችንን አቅፈን ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀመጥን።

ብዙም ሳይቆይ ከማዶ ጩኸት ሰማን። ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ፣ ወንዶችም አብረው እየሮጡ ወደ እኛ ይመጣሉ። ነኢማ ምን አድርገን ነው ብላ ደነገጠች። ያኔ ነው የገባኝ። እዚያ አገር በሰው ደጅ ሸራ የሚወጠረው ወይ ለሠርግ ወይ ለለቅሶ ነው። ሠርግ አለመኖሩን ደግሞ ጎረቤት ያውቃል።

ከሁሉም ፊት የሚሮጡት የቤቱ ባለቤት አያ ታከለ ነበሩ። ከገበያ ሲመለሱ ደጅህ ድንኳን ተተክሏል የሚል ወሬ መንገድ ላይ አግኝቷቸው ሚስታቸው የሞተችባቸው መስሏቸዋል። ሽማግሌ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ የምገባበት ጠፋኝ። ደግነቱ ሴትዮዋ ጀሪካኗን አዝላ ብቅ አለች። አያ ታከለ እንዳዩዋት መሬት ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

ትንፋሻቸው ሲመለስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ ይኸ ድንኳን የማን ለቅሶ ነው? ማን ሞቶብሽ ነው፣ ልጄ?»

ለቀስተኛውም ከበበኝ። የባሌ ለቅሶ ነው ብል ያለቅሱልኝ ነበር፤ ያን ያህል መንገድ መሮጣቸውም ከንቱ አይሆንም ነበር። ነኢማ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ በይ ማለቷ ነው። እኔ ግን አንገት መድፋት ሰልችቶኝ ነበር።

«ባሌ ሞቷል፤ አልቅሼለታለሁ» አልኩ። «ይኸ ድንኳን ግን የለቅሶ አይደለም። ተራራ ለማየት፣ ደስ እንዲለኝ ነው የመጣሁት። ስላስደነገጥኳችሁ ይቅር በሉኝ። ለመምጣቴ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።»

ከሴቶቹ አንዷ፣ ባሏን ቀብራ ሽርሽር፣ ምን ጉድ ነው ብላ አጉረመረመች። ሌሎቹ አያ ታከለን ያያሉ። ሸራውን አንሺ ይሉኛል ብዬ ለጠብ ተዘጋጅቻለሁ። እሳቸው ዕንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ለሞተ ሰው ስንቱን ድንኳን ተክለናል» አሉ። «ላለ ሰው አንድ ቢተከል ምን አለበት? ሸጋ አድርገሽ ነው የተከልሽው።»

ከዚያ ለቀስተኛውን ሁሉ ተቀመጡ አሉት። የመጣው ሰው ከእኛ ጋር ሲጫወት አመሸ። ያች ያጉረመረመችው ሴት ሳትቀር ቆሎ ይዛልን መጣች፤ ፊቷን ግን አልፈታችልኝም።

ሲነጋ የውኃው ዳር ስስ በረዶ ሠርቶ ነበር። ነኢማ በእግሯ እየሰበረች ስትስቅ እኔም ሳቅሁ፤ ማን ሰማኝ ብዬም ዞር አላልኩም። ደባርቅን አልፈን ስሜን ወጣን፤ ተራራውን እስኪበቃኝ አየሁት።

ጎንደር ስመለስ ወሬው ቀድሞኛል። የባሌ ወንድም፣ የወንድሜ ለቅሶ ነበር በይና ነገሩ ይብረድ ብሎ ሰው ላከብኝ። አልልም አልኩ። እስከ ዛሬ አኩርፎኛል፤ ያኩርፍ። ባሌን እወደው ነበር፣ ዛሬም እወደዋለሁ። አብሬው ግን አልተቀበርኩም።