ነጭ ሽንኩርቱና የዓይኔ ቆብ

በሁለቱም የዓይኔ ቆቦች ላይ፣ በአፍንጫዬ በኩል፣ የምስር ፍሬ የሚያህል ቢጫ ነገር ወጥቶ ነበር። አያምም፣ አያሳክክም። መቼ እንደ ጀመረኝ አላውቅም፤ መስታወት ብዙ አላይም። ባለቤቴን ብጠይቀው ቀረብ ብሎ አየና "ድሮም ነበረ አይደል?" አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ጉድለቴን አይቶ አያውቅም።

ነገሩ ያሳሰበኝ በልጄ ምክንያት ነው። እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያደገች የአገራችንን ልጅ ወዶ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሽማግሌ ልንልክ ነበር። የልጅቱ አባት ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ልጁን የሚሰጥበትን ቤት እስከ ጓዳው ያጣራል። እኔም ከእናቲቱ ፊት ስቀመጥ ዓይኔ ላይ ቅቤ የረሳሁ እንዳልመስል ፈራሁ።

ጎረቤቴ የመተማ ሰው ናት፤ መድኃኒት የማታውቅለት በሽታ የለም። ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ በጨርቅ እንዳስረው ነገረችኝ። "አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግመሽ አንሺው። ከዚያ አታሳልፊ" አለች። በደቂቃ አልነገረችኝም፤ በእኛ ሰፈር ሴቶች ዘንድ እንቁላልም የሚቀቀለው በጸሎት ልክ ነው።

እኔ ግን ይህን ያህል የቆየ ነገር በአንድ አቡነ ዘበሰማያት ይለቃል ብዬ አላመንኩም። ከሰዓት በኋላ በቀኝ ዓይኔ ላይ አስሬ ለጸሎት ቆምኩ። አቡነ ዘበሰማያቱን ጨረስኩና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ቀጠልኩ። ማቃጠል ሲጀምር ፈተና ነው ብዬ ጸናሁ። አንቀጸ ብርሃን ላይ ስደርስ እንባዬ ይወርድ ጀመር፤ ጸሎቱ ልቤን የነካው መስሎኝ አመሰገንኩ። መልክአ ማርያምን ጨምሬ ጨርቁን ስፈታው ዓይኔ አልገለጥ አለኝ።

እሑድ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ አውርጄ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስሰግድ ነጠላው ወደቀ። ዓይኔ አብጦ እንደ ባደንጃን ጠቁሮ ወይን ጠጅ መልክ ይዞ ነበር። አንዷ ሴት ምን እንደ ነካኝ ጠየቀችኝ።

"ተመስገን፣ ያልፋል" አልኳት። ብዙ መናገር አልወድም።

ሌላዋ ስትጠይቀኝ ደግሞ የራሴ ጥፋት ነው አልኩ። አሁን ሳስበው፣ ባሏ የመታት ሴት የምትለውን አንድም ሳላስቀር ተናግሬያለሁ። በዚያ ላይ ባለቤቴ በዚያው ሳምንት የሰሊጥ ጆንያ ሲሰፋ ወስፌ ቀኝ እጁን ወግቶት ነበርና፣ በፋሻ ጠቅልሎ ከወንዶቹ መካከል ቆሟል። ሴቶቹ ዓይኔን አዩ፣ እጁን አዩ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ማክሰኞ የልጅቱ አባት ቃል ላከ፦ ሚስት የሚደበደብበት ቤት ልጄን አልሰጥም፣ ሽማግሌ እንዳትልኩ። ልጄ ምሳውን ትቶ ተነሣ። ባለቤቴ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ከግቢ የሚወጣ ሰው ነው። ፋሻውን ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

"መቼ ነው የመታሁሽ?" አለኝ። መትቶኝ የረሳው መስሎት ነበር።

ጎረቤቴ ደንግጣ በየቤቱ እየሄደች ነጭ ሽንኩርት ነው ብትል፣ ወዳጅ ስለሆነች ትሸፍንላቸዋለች ተባለ። ስለዚህ ባለቤቴ ሰው ልኮ፣ የልጅቱ አባት የሚያምናቸው ሽማግሌዎች መጥተው እንዲያጣሩ ለመነ። ሐሙስ ከሰዓት ሁለት ሆነው መጡ። አንደኛው ዕድሜውን ሙሉ በሰሊጥ ገበያ ጥራት ሲፈትሽ የኖረ አባት ነው፤ ጆንያውን በመፈተሻ ዘንግ ወግቶ ናሙና ሳያወጣ፣ ወደ አፉም ሳይጥል የማንንም ቃል አይቀበልም። ሁለተኛው የቀድሞ ዲያቆን ነው፤ ሲናገርም ሲጸልይም አይቸኩልም።

ገበያተኛው ማን እንደ መታኝ ጠየቀኝ። ነጭ ሽንኩርት ነው አልኩት። ባሏን የማትሸፍን ሚስት ገና አላየሁም አለ። ባለቤቴ ላብ በላብ ሆኗል።

ገበያተኛው እጅጌውን ሰበሰበ። "እንግዲያው ናሙና አምጪ" አለኝ።

ወቅጬ አመጣሁ። የግራ ክንዱ ላይ፣ ከእጁ አንጓ ከፍ አድርጌ አሰርኩለት። ስንት ሰዓት እንዳቆየሁት ሲጠይቀኝ የደገምኩትን ጸሎት ሁሉ ነገርኩት። ዲያቆን የነበረው ሽማግሌ "ያንኑ ያህል ነው የሚቆየው" ብሎ ተነሣ። ሁላችንም ቆምን።

ውዳሴ ማርያሙ በሰላም አለፈ። አንቀጸ ብርሃን ላይ የገበያተኛው ድምፅ ፈጠነ። የዲያቆኑ ግን አልፈጠነም፤ እንዲያውም ዜማ ጨመረበት። ገበያተኛው በአንድ እግሩ ይቆማል፣ በሌላው ይቆማል፣ ክንዱን ወደ ነፋስ ይዘረጋል። ባለቤቴ አዝኖለት ልፍታልዎት አለው።

"ተወኝ፣ ገና አልመዘንኩም" አለ ጥርሱን ነክሶ።

መልክአ ማርያም ሲጀመር ዓይኑ እንባ አቀረረ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጥቶ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከተትኩ። ባለቤቴም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጸሎቱ ሲያልቅ ጨርቁን ፈታሁት። ከሥሩ ያለው ቆዳ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ሽማግሌው በጣቱ ነካው፣ እጁን አነሣ፣ ደግሞም ነካው።

"ባልሽ ንጹሕ ነው" አለ። "ውኃ አምጪልኝ።"

ክንዱን ሳይሸፍን በቀጥታ ወደ ልጅቱ አባት ቤት ሄደ። ምን እንዳለ አላውቅም። በማግስቱ ሽማግሌ ላኩ የሚል ቃል መጣልን፤ ሰውየው ክንዱን ካየ በኋላ ስቆ መቆም አቅቶት ነበር አሉ።

በዚያው ዓርብ የሽማግሌው ክንድ ውኃ ስለ ቋጠረ፣ ሁለታችን በአንድ ባለ ሦስት እግር ረክሻ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ከካርቱም ተፈናቅሎ የመጣ ትሑት ሰው ነው። ሐጃ ይለኛል፤ እዚህ እናት ሁሉ ሐጃ ነውና አላረምኩትም። ዓይኔንና ክንዱን እያየ ብዙ ጊዜ መነጽሩን ጠረገ። ዓይን አጠገብ ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ሌላ የሚያቃጥል ነገር እንዳላደርስ፣ ብርሃኔን ለጥቂት እንዳተረፍኩት ነገረኝ። ደሜን አስመረመረ። ቢጫው ከቆዳ ሥር የተጠራቀመ ስብ ነው አለኝ፤ ራሱ አይጎዳም፣ ግን ደሜ ውስጥም ስቡ በዝቷል።

እኔ የምጾም ሰው ነኝ አልኩት። በጾም ምን እንደምበላ ጠየቀኝ። በዘይት የሚጠበሰውን የሽምብራ ጣዕሚያ፣ ሻዩን ከነስኳሩ ነገርኩት።

"ከጾምሽ ጋር ጠብ የለኝም፣ ሐጃ። ጠቤ ከመጥበሻው ጋር ነው" አለ።

ኪኒን አዘዘልኝ፣ መራመድ አዘዘልኝ። ቢጫውን ማንሣት ካማረኝ ቁስሉ ድኖ እንድመለስ፣ ተነሥቶም ሊመለስ እንደሚችል አስጠነቀቀኝ። ስለዚህ ሰርጉን የዋልኩት ከነቢጫዬ ነው። አንድም ሰው አላየልኝም፤ እንግዳው ሁሉ የሚያየው የሽማግሌውን ክንድ ነበር። እሱም ለጠየቀው ሁሉ እጅጌውን እየሰበሰበ ያሳያል።

ከወራት በኋላ ሐኪሙ አደንዝዞ አነሣልኝ፤ ሕመሙ ከትንኝ ንክሻ አይበልጥም። በግራው ትንሽ ተመልሷል። ትቼዋለሁ። ዓይኔ ያያል፣ ተመስገን።

ምራቴ አሁን ከእኛው ጋር ናት፤ ጥሩ ልጅ ሰጠኝ። አንድ ነገር ብቻ አለባት። ለጸሎት ስቆም ትመጣና ጣቶቼን አሽትታ ትሄዳለች።