የበሩ አረንጓዴ

ጊዮርጊስ አካባቢ በተከራየኋት ክፍል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ለጀማሪዎች ሥዕል አስተምራለሁ። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ሁሌ አንድ ነው። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ከሌላ ቀለም አይወለዱም፤ ሌሎቹ ከእነሱ ይወለዳሉ። ቀይና አረንጓዴ ተቃራኒ ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ያደምቃል፣ ሲደባለቁ ግን ይጨልማሉ። አፌ ይህን ሲል እኔ ስለ ምሳ አስባለሁ።

አፍንጮ በር የነበረው የእናቴ ቤት ለልማት ሲፈርስ እሷ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባች፣ አራተኛ ፎቅ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቤቴን ሳልልኝ። እዚህ ስነቃ የት እንዳለሁ ይጠፋኛል።»

ቤቱን ለብቻው ያነሳነው ፎቶ የለም፤ ባሉት ሁሉ ሰው ተደርድሮ ጋርዶታል። እኔ ግን የወጣን ቀን፣ በሩን ቆልፌ ስጨርስ፣ ጥፍር የምታህል የቀለም ልጣጭ ፍቄ በክብሪት ቀፎ ይዤ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንን አረንጓዴ ስቀምም ከረምኩ። በመጨረሻ ልጣጩን ሸራው ላይ ሳስቀምጠው ከቀለሙ አልለይ አለ። ኮራሁ፣ አልዋሽም።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ አየችና «የማን ቤት ነው?» አለች።

ልጣጩን አውጥቼ አሳየኋት።

«ልጣጩስ ልክ ነው። ቤቱ ግን የእኔ አይደለም። ቀለም ቆጥሬያለሁ ትላለህ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማለህ!»

ተናደድኩ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ደረጃው ጋ ሳልደርስ በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። እዚያ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ነው የሚኖረው፤ እሷም ለምዳለች።

በቀጣዩ ቅዳሜ አንዲት ተማሪዬ ቅጠሏ አልሆን ብሏት ስትበሳጭ፣ እንደ ልማዴ «አረንጓዴውን አትንኪው፤ አጠገቡ ያለውን እዪ» አልኳት። ብዬም የራሴ ሥዕል ትዝ አለኝ። ግድግዳውን የሳልኩት ነጣ ያለ ግራጫ አድርጌ ነበር። የእኛ ግድግዳ ግን ከቆርቆሮው የሚወርድ ዝገትና የመንገዱ አቧራ ተባብረው ያቀሉት ጭቃ ነበር። በሩን ሳልነካ ግድግዳውን አቀላሁት። አረንጓዴው ወዲያው ነፍስ ዘራ።

እናቴ በዚህኛው ላይ ብዙ ቆየች።

«አዎ፣ የእኛ ነው» አለች። ቀጥላም «ግን ለምን ዘጋኸው?»

«ምኑን?»

«በሩን ነዋ። የእኔ ቤት በር ቀን ተዘግቶ ያውቃል? የዘጋነው የወጣን ቀን ነው።»

ሥዕሉን ተሸክሜ ወደ ጊዮርጊስ ተመለስኩ።

በሩን ለመክፈት ሁለት ሳምንት የለፋሁበትን አረንጓዴ መሸፈን ግድ ሆነ። የቀረው በጎን በኩል የጣት ስፋት ያህል ነው። እጄ እንቢ ቢለኝም ሸፈንኩት፤ አዘንኩ። የቤቱን ውስጥ ለማጨለም ጥቁር ቀለም አልከፈትኩም። የተረፈኝን የበሩን አረንጓዴ ከግድግዳው ቀይ ጋር ደባለቅኩት። ከፀሐይ ወደ ቤት ሲገቡ ዓይን እስኪለምድ የሚታየው ያ ሞቅ ያለ ጨለማ መጣ።

ለሦስተኛ ጊዜ ወሰድኩላት። አየችው፣ መነጽሯን አወለቀች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መልሳ አደረገች።

«አሁን ሰው ይገባል» አለች።

ሻዬን ጨርሼ ተሰናበትኳት። አራቱን ፎቅ ወርጄ ግቢው እስክደርስ በሩ ሲዘጋ አልሰማሁም።