የመሪጌታ ልጅ በግራ ክንፍ

ትርሲት ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቦታ መርጋት አይሆንላትም ነበር። እናቷ ወይዘሮ ዘነበች ሽምብራ እንድትለቅም ሰፌድ ሲሰጧት ሰፌዱ ደጃፍ ላይ ይቀራል፤ እሷ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ከወንዶቹ ጋር ኳስ ስታሳድድ ትገኛለች። አባቷ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል የዜማ ምስክር ቤት ከሆነው ቤተ ልሔም ገብተው ድጓ ያስመሰከሩ፣ የወጣትነት ዘመናቸውን በጉባኤ ቤት ቁጭ ብለው የጨረሱ ሰው ናቸው።

«ዕውቀት የሚገኘው ቁጭ ብሎ ነው» ይሏት ነበር።

ደብረ ታቦር ሒሳብ አያያዝ ልትማር ስትገባ ትረጋለች ብለው ተስፋ አደረጉ። እሷ ግን በዩኒቨርሲቲው የሴቶች ቡድን ውስጥ በግራ ክንፍ ተሰለፈች። ኳስ ይዛ ከተነሳች ተከላካዮቹ ማልያዋን እንኳ አይነኩትም። ከደቡብ የመጣ እንዳልካቸው የተባለ የክለብ አሠልጣኝ አያትና ጨዋታው እንዳለቀ «ዘንድሮ ፈርሚልኝ» አላት።

ከዚያ ወዲያ ምግብ አልበላ አላት። አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ እስቴ ወረደች። አባቷ ከቅዳሴ ሲመለሱ ገና ነጠላቸውን ሳያወልቁ ነገረቻቸው።

«ባል ያላገባች ልጅ፣ ቁምጣ ለብሳ፣ በሰው አገር?»

«ደመወዝ አለው አባዬ። ሥራ ነው።»

«ሩጫ ሥራ ነው?»

እናቷ ከጓዳ ብቅ አሉ። «መሪጌታ፣ እርስዎስ ያገኙኝ ሮጬ መጥቼ አይደል?»

ትርሲት ይህን ሰምታ አታውቅም። ወይዘሮ ዘነበች የስማዳ ልጅ ናቸው። ገና ጡት ሳያወጡ ለአንድ ትልቅ ሰው ተዳሩ። ውኃ ልቅዳ ብለው ወጥተው እንስራውን ምንጩ ዳር ጣሉት፤ ቁልቁለቱን ወርደው፣ አቀበቱን ወጥተው እስቴ አክስታቸው ፋንቱ ቤት ገቡ። እግራቸው ደም በደም ሆኖ ነበር።

«እናቴ እንኳ ‹ምን አስሮጠሽ› ነው ያለችኝ» አሉ። «እኔ ለልጄ እንደዚያ አልላትም።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ። በመጨረሻ «ትምህርቷን ትጨርስ፤ ከዚያ ትሂድ» አሉ።

አሠልጣኙ ግን አልጠብቅም አለ። ያ የመጨረሻው ዓመት ለትርሲት ጭንቅ ሆነባት። መጽሐፍ ይዛ መኝታ ክፍሉን ወዲያ ወዲህ ስትመላለስ ጓደኛዋ ትዝታ «ኧረ ባክሽ፣ አዞርሽኝ!» ትላታለች። እንዳልካቸው ስትደውልለት አያነሳም። ፈተና ሊያልቅ ሲል እሱ ራሱ ደወለ፤ የክለቡ የግራ ክንፍ ተጫዋች ጉልበቷን ተጎድታለች። ትርሲት የመጨረሻውን ወረቀት አስረክባ ሻንጣዋን በቅጡ ሳትዘጋ መናኸሪያ ደረሰች። ሞክረው አስፈረሟት።

ምርቃቱ ከጨዋታ ቀን ጋር ገጠመ። አባቷ ጋቢያቸውን አሳጥበው፣ ጥምጣማቸውን አዘጋጅተው ነበር፤ ሳይሄዱ ቀሩ። ማታ ስትደውል ድምፃቸው ቀዝቅዟል።

«አሸነፋችሁ?»

«ተሸነፍን። እኔ ግን አንድ አግብቻለሁ።»

«አግብተሽ? ማንን? ሳትነግሪን?»

ወይዘሮ ዘነበች ስልኩን ነጥቀው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። መሪጌታም ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ፤ ቅያሜውም በዚያው ቀረ።

ትርሲት አሁን ሁለተኛ ክለቧ ውስጥ ናት። ውሏ ሰኔ ላይ ያልቃል፤ አንዱ ክለብ ነይ ይላል፣ ሌላው ቆዪ ይላል። ጠዋት ጠዋት ጉልበቷ ይጠዘጥዛታል፤ ለአሠልጣኟ አልተናገረችም። እናቷ ደም ግፊት ጀምሯቸዋል፤ ይህን ከእናቷ ሳይሆን ከጎረቤት ነው የሰማችው። ልምምድ ሊጀመር ሲል ጫማዋን እያሰረች ትደውላለች።

«ለፋሲካ ትመጫለሽ?» ይላሉ ወይዘሮ ዘነበች።

«መንገዱ ሰላም ከሆነ እመጣለሁ እማዬ። መድኃኒትሽን ዋጥሽ?»

«ማን ነገረሽ?»

ፊሽካው ይነፋል።